ሰባት ቀን ከአሽ ዛፍ ጋር፦ ከካንተን እስከ ኦታዋ ረግረግ

ጉዞው በሚሺጋን ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ይጀምርና ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ፣ ኦታዋ ብሔራዊ ደን ውስጥ ያበቃል። አቅጣጫው ታስቦበታል። የአሽን ዛፍ (በእንግሊዝኛ ash፣ በሰሜን አሜሪካ ደኖች የሚበቅል ትልቅ ዛፍ) የሚፈጀው አረንጓዴ ጢንዚዛ በሰሜን አሜሪካ መጀመሪያ የተነሣው እዚያው ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ ስለሆነ፣ ወደ ሰሜን በተነዳ ቁጥር ዘመኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስላል። መነሻው ላይ ትልልቆቹ ዛፎች ካለቁ ብዙ ዓመት ያለፈው ደን አለ፤ መሐል ላይ ገና እየሞተ ያለ፤ ዳር ላይ ደግሞ አሽ ብቻውን ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያጠላበት ረግረግ። በየፌርማታው የሚነሣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ እዚህ ያለው አሽ ጢንዚዛው ሳይቀድመው ዘር ያፈራል ወይ?

ወቅቱ ሰኔ አጋማሽ ነው (ወሮቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በልግ የሚባለው ቅጠል የሚረግፍበት፣ ክረምት የሚባለው በረዶ የሚወርድበት፣ ፀደይ የሚባለው በረዶው የሚቀልጥበት ወቅት ነው)። በሚያዝያ የሄደ አበባውን ያያል፣ ቅጠል ግን አያገኝም። በጥቅምት የሄደ የዘሩን መርገፍ ያያል፣ ጢንዚዛው ግን አይኖርም። በሰኔ ቅጠሉ ሙሉ ነው፤ በዚያው ዓመት የበቀለው ችግኝ የመጀመሪያ ሁለት ቅጠሎቹን ገና አልጣለም፤ ጢንዚዛውም ግንድ እየቀደደ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ዕዳው ቢንቢና መዥገር ነው። ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተትና ማታ ማታ ብብትንና የጉልበትን ጀርባ መፈተሽ ግድ ነው።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም፦ ሜትር፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ አጉሊ መነጽር፣ ስለታም ቢላ፣ የጎማ ቦት፣ ሄልሜት። የዛፍ ውፍረት ሲባል በደረት ከፍታ፣ ከመሬት 1.37 ሜትር ላይ የሚለካው ነው። ዙሪያውን ለክቶ ለ3.14 ማካፈል ነው።

አንደኛ ቀን፦ ካንተንና የሂውረን ወንዝ

ካንተን በዲትሮይትና በአን አርበር መካከል ያለች ቦታ ናት። ጢንዚዛው ማንነቱ የታወቀው በ2002 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ በዲትሮይት ዙሪያና ከወንዙ ማዶ በካናዳዋ ዊንዘር። በኋላ ተመራማሪዎች ከሞቱ ዛፎች ላይ የዓመት ቀለበት ናሙና እየወሰዱ እያንዳንዱ የሞተበትን ዓመት ሲያሰሉ፣ ቀድሞ የሞተው ካንተን አካባቢ በ1997 ገደማ ሆኖ ተገኘ። አንድ አሽ ከመጀመሪያው ጥቃት እስከ ሞቱ ጥቂት ዓመታት ስለሚቆይ፣ ጢንዚዛው ከእስያ የገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግድም መሆን አለበት። የመጣበት መንገድ የዕቃ ማሸጊያ እንጨት ሳይሆን አይቀርም። ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ ማንም ሳያውቀው ኖሯል ማለት ነው፤ ለዚያ ቸልታ ዋጋ የከፈለው ደኑ ነው።

ከዚያ ወደ ሂውረን ወንዝ ተፋሰስ መግባትና ዛፉን መለየት ነው። አሽ የወይራና የጠንበለል ዘመድ ነው። ዝምድናው ለዓይን አይታይም፣ ጢንዚዛው ግን ሳያውቀው አልቀረም፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ በወይራ ግንድ ላይ የተደረገ እጭ (ገና ትል የሆነው ጢንዚዛ) አድጎ ጉልምስ እስከ መሆን ደርሷል። አሽን ለመለየት መጀመሪያ ቅርንጫፉን ማየት ነው፦ ቅርንጫፎቹ፣ እምቡጦቹና ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ። ቀጥሎ ቅጠሉን ማየት ነው፦ አንዱ ቅጠል በአንድ ዘንግ ላይ ከ5 እስከ 11 በሚደርሱ ትንንሽ ቅጠሎች የተሠራ ነው። ሂኮሪና ዎልነትም እንዲህ ያለ ቅጠል አላቸው፣ ግን እየተፈራረቀ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ይወጣል እንጂ ትይዩ አይደለም። የሚያሳስተው ቦክስ ኤልደር የሚባለው የሜፕል ዓይነት ነው፤ ትይዩም ነው፣ ቅጠሉም የተከፋፈለ ነው። እሱን የሚያጋልጠው ለጋ ቅርንጫፉ አረንጓዴ መሆኑ፣ ትንንሾቹ ቅጠሎች ከ3 እስከ 5 መሆናቸውና ዘሩ ጥንድ ክንፍ ያለው መሆኑ ነው። የአሽ ዘር አንድ ክንፍ ብቻ ያለው፣ እንደ ትንሽ መቅዘፊያ የሆነ ነገር ነው።

ነጭ አሽና አረንጓዴ አሽ የሚባሉትን ሁለት ዓይነቶች መለየት ባለሙያንም ያወዛግባል። አስተማማኙ ምልክት ቅጠሉ የተነቀለበት ጠባሳ ነው። ቅጠል በእጅ ተቀንጥሶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ የነጩ ጠባሳ የፈረስ ጫማ መስሎ እምቡጡን ከሥሩ ያቅፋል፤ የአረንጓዴው ከላይ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ግማሽ ክብ ነው። የነጩ ቅጠል ከሥር ሲገለበጥም ፈዘዝ ያለ ነው። ሙሉ ዛፍ ላይ የሚታወቀው አልማዝ ቅርጽ እያሠራ የሚሰነጠቅ ቅርፊት ለችግኝ አይረዳም፣ እዚህ ደግሞ የሚገኘው በአብዛኛው ችግኝ ነው።

ትልልቆቹ መሬት ላይ ተጋድመዋል። ቅርፊቱ የላላ ግንድ ካለ በእጅ መፈንቀል ይቻላል፤ ከሥሩ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ በእንጨት ዱቄት የተጠቀጠቀ መንገድ ይወጣል። ይህ የእጩ ሥራ ነው። እንስቷ እንቁላሏን በቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ አንድ በአንድ ትጥላለች፤ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 70፣ አንዳንዷ ከዚያም በላይ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው የሚፈለፈለው እጭ ወደ ውስጥ ዘልቆ ምግብ የሚያወርደውን ውስጠኛ ቅርፊትና ከሱ ቀጥሎ ያለውን የእንጨት ልባስ ይበላል። አራት ጊዜ እየለወጠ ያድግና እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ክሬም ቀለም፣ ጠፍጣፋ፣ እያንዳንዱ አንጓው ደወል የመሰለ። በበልግ መጨረሻ ለራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ እጥፍ ብሎ ይከርማል። በፀደይ ሙሽሬ (ሳይበላ ተኝቶ ከትልነት የሚለወጥበት ደረጃ) ይሆንና ከዚያ ጉልምስ ሆኖ ይወጣል። የደከመ ዛፍ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ ጤነኛ ዛፍ ላይ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

መውጫ ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ቅስት ነው። ክብ ወይም ሞላላ ከሆነ ሌላ ነፍሳት ነው፤ ሙት እንጨትን የሚበሉ ብዙ አሉና ቀዳዳ ባየ ቁጥር አረንጓዴውን ጢንዚዛ መክሰስ አይገባም።

ሁለተኛ ቀን፦ እናት አልባዎቹ ችግኞች

በዚህ ተፋሰስ ለዓመታት በተጠኑ ደኖች ውስጥ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚወፍሩት አሾች ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ በላይ ሞተዋል። ሆኖም ከሥር ያለው ወለል በአሽ ችግኝ የተሞላ ነው። አንድ ሰው ይህን አይቶ ዛፉ ተመልሷል ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

የአሽ ዘር መሬት ውስጥ ብዙ አይቆይም። ነጩም አረንጓዴውም አሽ በመከር ማርገፍ ይጀምራሉ፤ አረንጓዴው ግን ከዘሩ ከፊሉን ክረምቱን ሙሉ አናቱ ላይ ተሸክሞ ይከርማል። ዘሩ ለመብቀል ሁለት ሦስት ወር እርጥብ ብርድ ይፈልጋል። ወለል ላይ ወድቆ ሳይበቅል ቢቀር፣ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው በሕይወት የሚቆየው። ስለዚህ እናት ዛፎቹ በሞቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዘሩ ክምችት ባዶ ሆነ። አሁን የሚታዩት ችግኞች እናቶቹ ከመሞታቸው በፊት የበቀሉ ናቸው፤ ከኋላቸው የሚተካቸው የለም። ለማረጋገጥ የሚፈለገው በዚያው ዓመት የበቀለ ቡቃያ ነው፦ ከመሬት ሁለት ጠባብ፣ ምላስ መሰል ቅጠሎች ይወጣሉ፣ ከነሱ በላይ ያለው የመጀመሪያ ጥንድ ነጠላ ሆኖ ጠርዙ የተጠረበ ነው፤ የተከፋፈለው ቅጠል ኋላ ይመጣል። ቡቃያ ከተገኘ በነፋስ መድረሻ ርቀት ውስጥ የሚያፈራ ዛፍ አለ ማለት ነው። ነጩ አሽ ዘሩን እስከ 140 ሜትር ድረስ ይልካል፤ ፍለጋው በዚያ ክብ ውስጥ ይሁን።

ችግኞቹ ይህን ያህል የቆዩት በጥላ መቻላቸው ነው። የነጩ አሽ ችግኝ ከሙሉ ፀሐይ ከመቶ ሦስት እጅ ባነሰ ብርሃን ለጥቂት ዓመት ይኖራል። አያድግም፣ ይጠብቃል። ጉልበት ቁመት ላይ ሆኖ ሲታይ የዓመት ልጅ ይመስላል፤ እምቡጡ በየዓመቱ የተወውን ቀለበት መሰል ጠባሳ ግንዱ ላይ ወደ ታች እየቆጠሩ ሲሄዱ ግን ዕድሜው ሌላ ነው። በላዩ ዛፍ ወድቆ ብርሃን ሲገባ በፍጥነት ይመዘዛል። ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ግን ጥላ መቻሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብርሃን ያላገኘው ተመናምኖ ይቀራል። የአሽ ስልት ወለል ላይ ተሰልፎ ክፍተት መጠበቅ ነው፤ ጢንዚዛው ክፍተቱን ራሱ ከፈተለት፣ ግን ወረፋ የሚሞላውን እናት ገደለ።

የዚህ ደን ጉዳይ የሚወሰነው በሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። ጢንዚዛው ግንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከወፈረ ጀምሮ ይገባል። አረንጓዴው አሽ ዘር መስጠት የሚጀምረው ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ግድም ሲሆን ነው። ነጩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማ ሞልቶት፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ወፍሮ። በዚህ መሐል የሚያልፉት ዓመታት በሙሉ አደጋ ናቸው።

ማለፊያ የሚከፍቱላቸው ጥገኛ ተርቦች ናቸው። ከእስያ መጥተው ከ2007 ጀምሮ በሚሺጋን ከተለቀቁት መካከል እዚህ በደንብ የያዘው ቴትራስቲከስ ፕላኒፔኒሲ ነው። ጥቁር፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ተርብ ነው፤ በቅርፊቱ ላይ ሆኖ መውጊያውን ሰድዶ እጩ ውስጥ እንቁላል ይጥላል። ችግሩ መውጊያው አጭር መሆኑ ነው። ቅርፊት ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም ካለፈ አይደርስም፤ ይህም ማለት ግንዱ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ እስኪሆን ብቻ ይጠብቃል። እንግዲህ ሒሳቡን ማገናኘት ነው፦ አረንጓዴው አሽ በተርቡ ጥላ ሥር ሆኖ የመጀመሪያ ዘሩን ሊሰጥ ይችላል፤ ነጩ ግን ዘር ሳይሰጥ ከጥላው ይወጣል። መውጊያው የሚረዝመው ስፓቲየስ ጋሊኔ የተባለ ሌላ ተርብ በ2015 መለቀቅ የጀመረው ለዚህ ነው።

ግንደ ቆርቁርም ባልደረባ ነው። እጭ ፍለጋ የላይኛውን ግራጫ ቅርፊት እየላጠ ሲጥለው ግንዱ ከሩቅ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ይህ ከመውጫ ቀዳዳው ቀድሞ ዓይን የሚገባ ምልክት ነው። ነገር ግን ወፉ የሚመጣው እጩ ከበዛ በኋላ ነው። ያንን ዛፍ አያድነውም፣ ለጎረቤቱ ግን ይጠቅማል።

ሦስተኛ ቀን፦ ሰማያዊው አሽና ጥቂት የቀሩት

አጭር ቀን ነው። በደቡብ ሚሺጋን ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ሰማያዊ አሽ ይገኛል። ለመለየት ቀላሉ እሱ ነው፤ ለጋ ቅርንጫፉ በጣቶች መካከል ሲሽከረከር አራት ማዕዘን መሆኑ ይታወቃል፣ በየማዕዘኑም እንደ ክንፍ ጠርዝ አለው። ስሙን ያገኘው ውስጠኛ ቅርፊቱ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ሰማያዊ ስለሚሰጥ ነው። ነጩ አሽ ሙሉ በሙሉ ባለቀባቸው ጥሻዎች ውስጥ እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰማያዊ አሽ በሕይወት ቆሟል። ጢንዚዛው ይነክሰዋል፣ ግን ዛፉ ቁስሉን ይደፍናል። አበባውም ከሌሎቹ ይለያል፦ በአንዱ አበባ ውስጥ ተባዕቱም እንስቱም አለ።

ከነጩና ከአረንጓዴውም ቢሆን አልፎ አልፎ አናቱ ጤነኛ የሆነ ትልቅ ዛፍ ይገኛል። ከመደሰት በፊት ግንዱን ከታች በኩል ዙሪያውን ማየት ነው፤ በመሰርሰሪያ የተበሳ ትንንሽ ጉድጓድ ካለ መድኃኒት የተወጋ ዛፍ ነው። ኢማሜክቲን ቤንዞኤት የተባለው መድኃኒት ግንድ ውስጥ ተወግቶ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይከላከላል። ጉድጓድ ከሌለና በዙሪያው ያሉት ሁሉ ከሞቱ ከቆዩ ግን ቦታውን፣ ውፍረቱንና የአናቱን ሁኔታ መዝግቦ ለግዛቱ የደን ባለሙያዎች ማሳወቅ ይገባል። ተቋቁመው ከቀሩት እንደዚህ ያሉ ዛፎች ቅርንጫፍ እየተወሰደ ይዳቀላል፣ ልጆቹም ሆን ተብሎ እንቁላል እየተደረገባቸው ይፈተናሉ።

አራተኛ ቀን፦ ሊላናው፣ የሰሜኑ ጠንካራ እንጨት ደን

ከሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ስሊፒንግ ቤር የአሸዋ ክምሮች ጀርባ ያለው ደን ሌላ ዓለም ነው። ስኳር ሜፕል፣ ቢች፣ ባስውድና ነጭ አሽ አብረው ይቆማሉ። አሸዋ መሬት ላይ ይህን ዓይነት ደን ማግኘት የሚያስገርም ይመስላል፤ አሸዋው ግን ኖራ አለበት። ነጭ አሽ ያለበት ቦታ አፈሩ ለም ነው ብሎ መገመት እምብዛም አያሳስትም፤ ናይትሮጅንና ካልሲየም ይወዳል፣ ውሃ የሚያስተላልፍ ግን እርጥበት የማይለየው መሬት ይፈልጋል። አሲድ የበዛበት ደረቅ ኮረብታ ላይ አይፈለግም።

አሽ የወሰደውን ይመልሳል። በሰኔ ወለሉን በእጅ ቢገልጡት ካለፈው በልግ የቀረው የቢችና የኦክ ቅጠል ገና ቡናማ ቆዳ መስሎ ተደራርቦ ይገኛል፤ የአሽ ቅጠል ግን በአብዛኛው የለም፣ ከዘንጉ በቀር በስብሶ አፈር ሆኗል። ታኒን ያነሰበትና ናይትሮጅን ያለበት ስለሆነ የምድር ትሎችና ጥቃቅን ሕዋሳት ቀድመው የሚበሉት እሱን ነው። በፀደይ ውሃ በሚያቁሩ ጉድጓዶች ውስጥ የሚያድጉ የእንቁራሪት ልጆችም በዚህ ቅጠል ላይ በሚያድገው ነገር ይመገባሉ። አሽ ሄዶ ሜፕልና ቢች ሲተኩት፣ የሚለወጠው የዛፍ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የወለሉ ምግብም ይለወጣል። በአሽ ላይ ከሚኖሩ 280 ያህል የነፍሳትና የመሰሎቻቸው ዓይነቶች ውስጥ አርባ ያህሉ ሌላ ዛፍ አያውቁም።

እዚህ የሞት ሥርዓቱ ገና ትኩስ ነው። መጀመሪያ አናቱ ይሳሳል፤ ሲሦው ከሳሳ ዛፉ ከባድ ጉዳት ላይ ነው። ከዚያ ከግንዱ ላይና ከሥሩ እንደ መጥረጊያ የሚወጡ ለጋ ቅርንጫፎች ይበዛሉ፤ ዛፉ ምግብ ከላይ መውረድ ሲያቅተው ከታች ፋብሪካ እየከፈተ ነው። ጥቃት ከበረታ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። እንዲህ የሚፈጥንበት ምክንያት በእንጨቱ አሠራር ውስጥ ነው። አሽ ውሃ የሚያሳልፈው በአብዛኛው በዚያው ዓመት በሠራው የመጨረሻ ቀለበት፣ በፀደይ በሚከፍታቸው ሰፋፊ ቧንቧዎች ነው። ያለፈው ዓመት ቧንቧ በክረምት ብርድ አየር ይገባበትና ሥራ ያቆማል። በየዓመቱ አዲስ መሥራት ስላለበት ቅጠሉም ከደኑ ሁሉ ዘግይቶ ይወጣል፤ ሜፕሉ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ አሽ የሞተ መስሎ ይቆማል። በግንቦት መጀመሪያ አይቶ ሞቷል ብሎ ምልክት ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው። እጩ የሚበላው ደግሞ ምግብ ማውረጃውንና ያንን ብቸኛ ቀለበት አንድ ላይ ነው።

ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ። ዛፍ ላይ ቡናማ ዘለላ አይቶ «ዘር አፍርቷል» ማለት። ነጩና አረንጓዴው አሽ ተባዕትና እንስት ዛፋቸው የተለያየ ነው፤ አበባቸው በነፋስ ይዳቀላል። በተባዕቱ አበባ ላይ የመዥገር ዘመድ የሆነ እጅግ ጥቃቅን ተባይ ሲሰፍርበት አበባው አብጦ፣ ጠንክሮ፣ ክረምቱን ሙሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በመነጽር ሲታይ ጎርበጥባጣ ኳስ ነው፣ ክንፍ የለውም። ዘር ሰብሳቢ የሚፈልገው ክንፉን ነው። እንስት ዛፍም ቢሆን በየዓመቱ አይሰጥም፤ የነጩ ጥሩ ምርት በአማካይ በየሦስት ዓመቱ ነው።

ማስጠንቀቂያ። የሞተ አሽ እንደ ሞተ ኦክ አይደለም፤ በፍጥነት ይደርቅና ተሰባሪ ይሆናል፤ ነፋስ ሳይነፍስ እንኳ አናቱ ወይም ወገቡ ላይ ይቆረጣል። ቅርፊቱ ከላይኛው ቅርንጫፍ የረገፈ ወይም ሥሩ አጠገብ እንጉዳይ ያወጣ ዛፍ ካለ የቁመቱን እጥፍ መራቅ ነው። ድንኳን ከሥሩ አይተከልም። የሚቆርጥ ሰውም አይወጣበትም፣ ሽብልቅም በኃይል አይመታበትም፤ ንዝረቱ የላይኛውን ደረቅ ቅርንጫፍ ራስ ላይ ያወርዳል።

አምስተኛ ቀን፦ ድልድዩና ማገዶው

ቀኑ የመንገድ ነው። የማኪናክ ድልድይ በ1957 የተከፈተ፣ 8 ኪሎ ሜትር የሚያህል፣ የታችኛውን ልሳነ ምድር ከላይኛው የሚያገናኝ ነው። ጢንዚዛው በራሱ ክንፍ ይህን ውሃ መሻገር ይቸግረው ነበር። አብዛኞቹ ጢንዚዛዎች ከወጡበት ጥቂት መቶ ሜትር አይርቁም። ያሻገራቸው መኪና ነው፤ በተለይ ማገዶ የጫነ መኪና።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ግንድ ተቆርጦ ተፈልጦም እጩ አይሞትም፤ ከተቆረጠ በኋላ በሚመጡት ሁለት በጋዎች ጢንዚዛ ሊወጣው ይችላል። «ደርቋል» የሚለው መከላከያ አይሆንም። የሚታመነው መሐሉ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ 60 ደቂቃ የቆየ እንጨት ነው፤ አለዚያ ቅርፊቱ ከነ 1.3 ሳንቲ ሜትር እንጨቱ የተላጠ። የፌዴራሉ መንግሥት የአሽ እንጨት ዝውውር እገዳውን በጥር 2021 አንሥቷል። ይህ ግን አደጋው አለፈ ማለት አይደለም፣ በእገዳ መያዝ አልተቻለም ማለት ነው።

መንገድ ዳር ነጭ አበባ የሚያንጠለጥለውን ብላክ ለከስት ዛፍ ልብ ማለት ይጠቅማል። ጢንዚዛው መውጣት የሚጀምረው እሱ ሲያብብ ነው። በቁጥር ለሚፈልግ፦ ከጥር 1 ጀምሮ በየቀኑ አማካይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለፈበትን ልክ እየደመሩ፣ ድምሩ ከ250 እስከ 300 ሲደርስ። በደቡብ አልፎ የነበረው አበባ ሰሜን ላይ እንደገና ይገኛል።

ስድስተኛ ቀን፦ ጥቁሩ አሽ

ከድልድዩ እስከ ዋተርስሚት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኦታዋ ብሔራዊ ደን ውስጥ ኮረብታው የሜፕል፣ ቆላው የጥቁር አሽ ነው። ጢንዚዛው የላይኛውን ልሳነ ምድር ከደረሰ ቆይቷል፣ ረግረጎቹ ግን እኩል አልተጎዱም።

ጥቁር አሽ ሲታይ ያምራል ለማለት ይከብዳል። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ አናቱ ጠባብ። ቅርፊቱ ግራጫ ቡሽ ነው፤ በመዳፍ ሲታሽ ይፈረፈራል። ትንንሽ ቅጠሎቹ ያለ እጀታ በቀጥታ ዘንጉ ላይ ተለጥፈዋል፤ ከመጨረሻው በስተቀር። እድገቱ እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ 25 ሳንቲ ሜትር የወፈረው ግንድ ከመቶ ዓመት ሊበልጥ ይችላል። ሌላ ዛፍ ሥሩ በሚታፈንበት ጭቃና አተላ ውስጥ ይቆማል፤ ውሃ ሲሞላ ግንዱ ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ያብጣሉ፣ ከውሃው በላይ አዲስ ሥር ያወጣል። ስለዚህም ብዙ ቦታ ላይ ከሱ ሌላ ትልቅ ዛፍ የለም። በሌሎቹ ደኖች አሽ ከብዙዎች አንዱ ነበር፤ እዚህ ግን ደኑ ራሱ አሽ ነው።

ውሃውን የሚያወርደው ዛፉ ነው። በፀደይ በረዶ ሲቀልጥ ረግረጉ እስከ አፉ ይሞላል። ቅጠል ወጥቶ ዛፎቹ መምጠጥ ሲጀምሩ የከርሰ ምድሩ ውሃ እስከ በጋ መጨረሻ እየወረደ ይሄዳል፣ ሥርና ችግኝም ይተነፍሳሉ። እዚሁ ኦታዋ ውስጥ ጢንዚዛውን ለማስመሰል የዛፎች ቅርፊት ዙሪያውን ተልጦና ተቆርጦ በተደረገ ሙከራ፣ አሽ በሞተባቸው ረግረጎች ውሃው በበጋ ወደ ላይ ቀርቦ ቀረ። ብርሃንና ውሃ አንድ ላይ ሲበዙ ቄጠማና ሣር ይነሣሉ፣ አልደር ቁጥቋጦ ይከተላል፤ የዛፍ ችግኝ ይታፈናል። ረግረጉ ከደንነት ወደ ሣር ሜዳነት ሊሄድ ይችላል።

መራመድ የሚቻለው ከጉብታ ጉብታ ነው። ጉብታው ያረጀ ጉቶ ወይም የወደቀ ዛፍ ሥር ሲሆን ላዩ ሞስ በሚባል ለስላሳ አረንጓዴ ተክል ተሸፍኗል፤ ጎድጓዳው ውሃ ነው፣ ቦቱን ይዞ ያስቀራል። ችግኝ የሚፈለገውም ጉብታው ላይ ነው። ጎድጓዳው ውስጥ የበቀለ አንድ ፀደይ አይሻገርም። ጉብታው ላይ ያለው ደግሞ አጋዘን ይቀነጥሰዋል፤ ጫፉ ተቆርጦ እንደ መጥረጊያ የተሰነጣጠቀ ችግኝ ሲበዛ የአጋዘን ቁጥር ከዘሩ በላይ ሆኗል ማለት ነው።

ሰባተኛ ቀን፦ ምን ይሠራል

ረግረጉ ውስጥ ጢንዚዛው መግባት አለመግባቱን ቀድሞ ማወቅ ዋናው ሥራ ነው፤ ቀዳዳ መሬት አጠገብ እስኪታይ መጠበቅ ግን ዘግይቶ መድረስ ነው፣ ምክንያቱም የሚጀምረው ከአናቱ ነው። የተሻለው ዘዴ ቅርንጫፍ መላጥ ነው። ከዛፉ መካከለኛ አናት፣ ሥሩ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሁለት ቅርንጫፍ ይቆረጣል። ከእያንዳንዱ ከግንዱ በኩል ያለው 50 ሳንቲ ሜትር ቅርፊቱ በስሱ፣ እንደ ወረቀት ተደራርቦ ይላጣል፤ በአንድ ጊዜ ጠልቆ የቆረጠ ትንንሹን መንገድ አብሮ ያጠፋዋል። በዚህ መንገድ፣ ከተጠቁ አራት ዛፎች ሦስቱ ገና ምልክት ሳያሳዩ ይያዛሉ። ይህ ግን የሰኔ ሥራ አይደለም። እጩ ትልቅ ሆኖ የሚገኘው ከመስከረም እስከ ግንቦት ነው፤ መሬቱም በክረምት በረዶ ስለሆነ መሣሪያ ይሸከማል። በሰኔ የሚሆነው ወጥመድ መስቀል ነው፦ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ፣ ሦስት ጎን ያለው፣ ሙጫ የተቀባ፣ ከተቆረጠ ቅጠል ሽታ ጋር፣ ፀሐይ በሚያገኘው የአናቱ ክፍል ላይ።

ምትክ ዛፍ የሚተከለው አሹ ሳይሞት በፊት ነው። ከሞተ በኋላ ውሃው ወጥቶ ጉብታው ያጥራል። ለዚህ የሚሞከሩት ስዋምፕ ዋይት ኦክ፣ በሽታ የሚቋቋም የአሜሪካ ኤልም፣ ቀይና ብር ሜፕል፣ ባልሳም ፖፕላር ናቸው። ሁሉም ጉብታ ላይ፣ ሁሉም ከአጋዘን በሚከላከል ቱቦ ወይም ሽቦ ውስጥ። አንድ ዓይነት ብቻ መትከል አሽ የገባበትን ጣጣ መድገም ነው። ሙሉውን ደን አንዴ መመንጠር ደግሞ ውሃውን የሚያስነሣው እሱ ራሱ ነው፤ በትንንሽ ክፍተት መጀመር ይሻላል።

ዘር ለመሰብሰብ በሰኔ ዛፉን መምረጥና ምልክት ማድረግ ብቻ ነው፤ መልቀሚያው በልግ ነው። ከመልቀም በፊት ጥቂት ዘር በቢላ ርዝመቱን መሰንጠቅ ነው፦ ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ይለቀማል፤ ባዶ፣ ቡናማ ወይም ትል የበላው ከሆነ ዛፉ ይተዋል። የጥቁር አሽ ዘር የሚቸግረው ሲረግፍ ፅንሱ ገና ያልበሰለ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ከ60 እስከ 90 ቀን እርጥብ ሙቀት፣ 20 ዲግሪ ገደማ፣ ከዚያ ከ90 እስከ 120 ቀን እርጥብ ብርድ፣ 5 ዲግሪ ገደማ ያስፈልገዋል። ሙቀቱን ዘሎ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ባዶ ሣጥን ያገኛል። ጫካ ውስጥ ራሱን ችሎ ሲበቅል ይህን ለመጨረስ ሁለተኛው ፀደይ ድረስ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከነጩና ከአረንጓዴው በተለየ የጥቁሩ ዘር መሬት ውስጥ ስምንት ዓመት ድረስ ሕያው ሆኖ ሊቆይ መቻሉ፣ እናቶቹ ካለቁ በኋላ ጥቂት ተጨማሪ ዓመት ይሰጠዋል።

ጥቁር አሽ ለአኒሺናቤ፣ ለሃውዴኖሳውኒና ለዋባናኪ፣ ለሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ የቅርጫት እንጨት ነው። ቀጥ ያለ፣ እግር አጠገብ ቅርንጫፍ የሌለው፣ ቀለበቱ የተመጣጠነ ግንድ ተመርጦ ይቆረጣል፤ በመጥረቢያ ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ሳይዘለል ሲቀጠቀጥ፣ የፀደዩ ሰፋፊ ቧንቧዎች ይጨፈለቁና የዓመቱ ቀለበት እንደ ልጥ ተላቅቆ ይወጣል። ዛፉን ለጢንዚዛው ያጋለጠው ያ ሰፊ ቧንቧ ነው ልጡን የሚሰጠው። ግንዱን ከተበከለ ቦታ ለማውጣት ውሃ ውስጥ መዘፈዘፍ ይቻላል፤ በፀደይ 14 ሳምንት፣ በክረምት 18 ሳምንት ከቆየ እጩ ይሞታል፣ እንጨቱም ለመቀጥቀጥ እርጥብ ሆኖ ይጠብቃል።

ከረግረጉ ሲወጡ ቦቱን ከጭቃና ከአረም ዘር በብሩሽ መጥረግ፣ ድንኳኑንና የመኪናውን ኮፈን ላይ የተቀመጠ ጢንዚዛ ካለ ማራገፍ ነው። የተረፈው ማገዶ እዚያው ይነዳል፣ ካልሆነም እዚያው ይቀራል።